የስንሻው ሁለት ኩላሊቶች

ስንሻው በሱዳን፣ በገዳሪፍ የሰሊጥ እርሻ ሃያ ሦስት መኸር አጭዷል። አጫጆቹ "ግመሉ" ይሉታል፤ ፀሐይ አናቱን እየበሳው እንኳ የያዘውን ሳይጨርስ ውሃ አይቀምስም። ምን ዓይነት እልኸኛ ነው አትበሉ፤ የደረሰ ሰሊጥ የሰው ጥም አይጠብቅም፣ አንድ ቀን ከዘገዩበት መሬት ላይ ይረግፋል። ወገቡን ሲቆርጠው ሁለት የማስታገሻ ፍሬ ይውጥና ቀጥ ይላል።

እህቱ ያለምወርቅ እዚያው እርሻው ዳር ለአጫጆች ሻይ ታፈላ ነበር። አሁን ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመው በሳምንት ሁለቴ ደሟን በማሽን ታሳጥባለች። ከሰውነቷ የቀረ ነገር ቢኖር ዓይኗ ነው።

"ሁለት አለኝ፣ እታለም፤ አንዱ ያንቺ ነው" አላት ስንሻው። እሱ ምኑ ይታመማል!

የደም ምርመራውን ለጥቂት አለፈ። ዶክተር ዙህራ ግን አላመነችም። ዙህራ እዚያው ገዳሪፍ፣ የስደተኞች ሰፈር ተወልዳ ያደገች ሐኪም ናት። "ደም ሁሉን አይናገርም፣ አባባ" አለችው። "በኤም አር አይ እንየው። በደም ሥርዎ የምንሰጠው መድኃኒት ኩላሊትዎ ገብቶ እስኪወጣ ማሽኑ እየደጋገመ ፎቶ ያነሳል፤ እያንዳንዱ ስንት እንደሚያጣራ ያኔ ይታወቃል። ብረት ግን አይገባም፤ ማሽኑ ማግኔት ነው።"

ስንሻው ክርስትና ከተነሣ ጀምሮ ከአንገቱ ያልወረደውን ማተብ ከነመስቀሉ አውልቆ ለእህቱ ሰጣት። ከዚያ ተጋድሞ፣ "ትንፋሽ ይያዙ" ሲሉት እየያዘ፣ "ይልቀቁ" ሲሉት እየለቀቀ፣ እንደ ወፍጮ በሚያጓራው ማሽን ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቆየ። ሲወጣ ደስ ብሎት ነበር፤ የሰጠ ያህል ተሰማው።

በማግስቱ ዙህራ ፎቶዎቹን ፊቱ ዘረጋች።

"አባባ፣ መስጠት አይችሉም። ሁለቱም ኩላሊቶችዎ ማጣራት ካለባቸው የሚያጣሩት ግማሹን ነው።"

ስንሻው ክው አለ። የሌላ ሰው ፎቶ መሰለው። "እኔ እኮ አንድ ቀን ታምሜ አላውቅም!"

"የህመም ሀቡብ፣ ማስታገሻ ፍሬ፣ ይውጣሉ?"

"ለወገቤ... በመኸር።"

"ውሃ ሳይጠጡ?"

ስንሻው አዎ በሚል አንገቱን ነቀነቀ።

"በጥም ላይ ሲዋጥ ኩላሊት ይፈጃል። ማነው የሚሰጥዎ?"

ለስንሻው የምትሰጠው ያለምወርቅ ናት። በየማለዳው ከሻዩ ጋር፣ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ፣ "ወንድምዓለም፣ ወገብህን እንዳያምህ" እያለች። ከእናት ያልተናነሰ ፍቅር ነበር።

"ከሱቅ ነው" አለ ቶሎ ብሎ። "ከማላውቀው ሰው።"

ያለምወርቅ በሩ ላይ ቆማለች። ትናንት ሰጥቷት ገና ያልመለሰችለትን ማተብ በሁለት እጇ ጨብጣለች።

"ውሸቱን ነው፣ ዶክተር" አለች። "እኔ ነኝ የሰጠሁት።"

ዙህራ ብዕሯን አስቀመጠች። "አንቺስ? ትውጪው ነበር?"

"እሳት ፊት ውዬ ራሴን ሲያመኝ። ለሱ ሁለት፣ ለእኔ ሁለት" አለች ያለምወርቅ። "ሃያ ሦስት መኸር።"