ከፍ ያለው ሽንት ቤት

ከጎንደር፣ ከአራዳ ተነስቼ ትክል ድንጋይ አጠገብ ወዳለ አንድ መንደር የሄድኩት የውሃና የንጽሕና ባለሙያ ሆኜ ነው። ዝናቡ የድሮ ጠባዩን ትቷል፤ ይዘገይና ሲመጣ አንድ ላይ ይወርዳል። ባለፈው ክረምት ጎርፉ የመንደሩን ሽንት ቤቶች ሞልቶ ናዳቸው፤ ከጉድጓዱ የወጣውም ወደሚጠጣው ምንጭ ወረደ። የኔ ሥራ ሽንት ቤት ከምንጩ ርቆ፣ ከጎርፍ መንገድ ወጥቶ፣ ከፍ ብሎ እንዲሠራ ማስተማር ነበር።

ያረፍኩበት ቤት አባወራ ትምህርቱን ከሁሉ ቀድመው ተቀበሉ። ችግሩ ከልክ በላይ መቀበላቸው ነው። ከጓሯቸው ጉብታ ጫፍ ወጥተው የድንጋይ ካብ ካቡ፤ ሽንት ቤቱን ካቡ ላይ አቆሙት።

"አያ፣ ይህን ያህል እንኳ አያስፈልግም ነበር" አልኳቸው።

"ምነው? አንቺ አይደለሽ ከፍ ይበል ያልሽው?" አሉና ሌላ ድንጋይ ጨመሩበት።

ሥራው ሸጋ ሆነ። ክረምቱ በገባ ሰሞን ሚስታቸው ገብተው ቀሩ። ባልየው ተጨንቀው ከታች ተጣሩ።

"አሞሻል እንዴ?"

"ደህና ነኝ። እህቴ ወልዳለች።"

ለካ እታች ጭራሽ የማይሠራው ስልክ እዚያ ላይ ኔትወርክ ያገኛል። ውጭ ቆሞ ማውራት ይቻል ነበር፤ ግን ዝናብ ነው፣ ጣሪያ ያለው ደግሞ ያው ሽንት ቤቱ ብቻ ነው። ወሬው ተዳረሰ። ጎረቤቱ ሁሉ በአንድ እጁ ሆዱን፣ በሌላው ስልኩን ይዞ ይመጣ ጀመር። ሆድ ቁርጠት እንዲህ የሚያስቅ በሽታ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

አንድ ቀን ማለዳ አያ የእውነት ቸኮሉ። በሩ ተዘግቷል። ውስጥ የደብሩ ቄስ ሳንጃ ከተማ ከሚኖረው ልጃቸው ጋር ስለ በሬ ያወራሉ፤ ጆሯቸው ስለደከመ ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርገውታል።

"አባ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለው ይውጡልኝ" አሉ አያ፣ እግራቸውን አጣምረው።

"ቆይ ልጄ፣ ቀንዱን እየነገረኝ ነው።"

ከስልኩም፣ "አባ፣ ማነው የሚጮኸው? የት ሆነው ነው?" የሚል ድምፅ ተሰማ።

ቄሱም፣ "ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነኝ" አሉ።

አያ ቄሱ እስኪወጡ አልጠበቁም፤ በዝናብ ውስጥ ወደ ቁጥቋጦው ሮጡ። ሽንት ቤት እንዲሠሩ ያሳመንኳቸው ሰው ሜዳ ሲወጡ እያየሁ ምን ልበል? ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ሳቅሁ።

በማግስቱ እሳቸውና ቄሱ አብረው ከካቡ ጎን ጣሪያ ያላት ዳስ ሠሩ። ስልክ እዚያ፣ ሌላው ጉዳይ እዚህ ተባለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ኃይለኛ ጎርፍ ጉብታውን ዞሮ አለፈ፤ ሽንት ቤቱ ንቅንቅ አላለም፤ ከጉድጓዱም ወደ ምንጩ የወረደ ነገር አልነበረም። ጎረቤቶቹም በየተራ እየመጡ ቦታ ምረጪልን አሉኝ። አፈሩን፣ ቁልቁለቱን፣ የምንጩን ርቀት ሳስረዳቸው በትዕግሥት ይሰሙኝና ስልካቸውን ወደ ሰማይ ከፍ አድርገው፣ "እዚህስ ይሠራል?" ይሉኛል።