ግንባሯን ቅቤ የተቀባች መኪና

ባለቤቴ ከኤደን የግል መኪናውን ይዞ እየመጣ ነው የሚለውን ወሬ እኛ ከተማ፣ አሰበ ተፈሪ፣ ያደረሰው ጫት ወደ ባሕር ማዶ የሚልክ አንድ ነጋዴ ነው። ከውጭ የሚመጣ ሰው ሻንጣ፣ ግፋ ቢል የብረት አልጋ ይዞ ሲመጣ ነበር የማውቀው። መኪና ባሕር እንዴት ይሻገራል? ነጋዴውን ሱቁ በር ላይ ይዤ ጠየቅሁት። በመረብ ታስራ፣ ወደብ ላይ ባለ የብረት ክንድ ተንጠልጥላ መርከቡ ላይ ትጫናለች አለኝ። "ባሕሩ ሲናወጥስ ወዴት ትንከባለላለች?" ስለው፣ "አንቺ ልጅ፣ የባልሽን መምጣት ትተሽ ስለ መኪና ትጠይቂኛለሽ?" ብሎ ሳቀብኝ።

አልገባውም እንጂ የምጠይቀው ስለ ባሌ ነበር። በተጋባን በዓመቱ ነው ኤደን ሄዶ መካኒክ ሆኖ የተቀጠረው። እኔን እናቱ ዘንድ ትቶኝ ሄደ፤ ሚስትህን ለምን አትወስዳትም ያለውን ሁሉ "እናቴን ለማን ልተዋት?" እያለ ይመልስ ነበር። አራት ዓመት አለፈ። አሁን ሲመጣ ለመቅረት ነው ወይስ ተመልሶ ለመሄድ? ለእኔ ጉዳዩ ይኸው ብቻ ነበር። የሰፈሩ ሰው ፍርዱን ጨርሷል፦ ሻንጣ የያዘ እንግዳ ነው፣ መኪናውን የያዘ ግን ጓዙን ጠቅልሎ ነው የመጣው። እኔም ማመን ፈልጌ ነበር። ነገር ግን "ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም ይኖራል ስንጥር" የሚለው ለእኔ የተነገረ ነው የሚመስለኝ፤ ያልነካሁትን ነገር አላምንም።

አማቴ የጭሮ ኦሮሞ ናቸው፤ እኛ ቤት ሁሉም አዮ፣ እማማ እንደ ማለት፣ ይላቸዋል። አማርኛቸው የገበያ ነው፣ ሲቆጡ ግን በእሱ ነው የሚናገሩት፣ ያምርላቸዋልም። እኔ ደግሞ ከመንዝ ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ ኦሮምኛውን የለመድኩት ከጎረቤት ልጆች ነው። ስለዚህ ሁለታችን ስናወራ ሁለቱን ቋንቋ እንደ ንፍሮ እየቀላቀልን ነበር። የመምጫው ቀን ሲነገረን በእህል ጭነት መኪና ተሳፍረን ወደ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ወረድን። አዮ መንገዱን ሙሉ ከነጠላቸው ሥር አንድ ነገር አቅፈው ይዘው ነበር፤ ምን እንደሆነ ብጠይቃቸውም አልነገሩኝም።

ባቡሩ ሲገባ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ክዳን በሌለው ፉርጎ ላይ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ መኪና በአራት በኩል በገመድ ተወጥራ ታስራለች፤ ባለቤቴ ውስጧ፣ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። ሞተሯ አይሠራም፣ መኪናዋ ግን ትሄዳለች። ከጅቡቲ ጀምሮ ያን ሁሉ በረሃ እንዲያ ተቀምጦ ነው የመጣው። "ምነው፣ ባቡሩን አንተ ነህ እንዴ የምትነዳው?" አልኩት፣ ከሰላምታ በፊት። "ብቻዋን ብልካት ኖሮ እዚህ የሚደርሰው መሪው ብቻ ነበር" አለኝ። ጎማ፣ መስታወት፣ መብራት፣ ሁሉም በየጣቢያው ይፈታል ተብሎ ተነግሮታል። ከስቷል፣ ፊቱ አቧራ ለብሷል። ደስ አለኝ፤ ደስታዬን ግን ለጊዜው ያዝ አደረግሁት።

ወዛደሮቹ የሐዲድ እንጨት ደርድረው፣ እየጮኹና እየተሰዳደቡ አወረዷት። እኔ በቅሎ እንደሚገዛ ሰው ዞሬ ዞሬ አየኋት። ወንበሯን ጫን አደረግሁ፣ መብራቷን ነካሁ። ከኋላዋ ስደርስ ታርጋዋ የኤደን ነው። "ይሄ አይቀየርም?" አልኩት። "ይቀየራል፣ ምን አስቸኮለሽ" አለና ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርግ ጀመር። መልሱ አልጣመኝም።

ያን ጊዜ አዮ ከነጠላቸው ሥር ቅል አወጡ፤ ለጋ ቅቤ ነው። መጀመሪያ የልጃቸውን አናት ቀቡ። ቀጥለው "የእሷ ግንባር የት ነው?" አሉ። አንድ ሽማግሌ የፊት መስታወቱን አሳያቸው። አዮ መርቀው፣ በዙሪያችን የቆመው ሰው አሚን እያለ፣ መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር በሁለት እጃቸው ለቀለቁት። ባለቤቴ ጨርቅ አንሥቶ ሊጠርግ ሲል እጁን መቱት። "አባትህ በቅሎ ሲገዛ ማን ጠረገ? ፀሐይ ሳይጠልቅ ምርቃት አይጠረግም!" የፈረንጅ መኪና ፈትቶ የሚገጥመው ሰውዬ ጨርቁን ይዞ ቀረ።

ሽቅብ ወደ አሰበ ተፈሪ ጉዞ ጀመርን። ትንሽ እንደሄድን የመንገዱ አቧራ ቅቤው ላይ ተጣብቆ መስታወቱ የጭቃ ግድግዳ ሆነ። መሪዋ በቀኝ ነው፤ ባለቤቴ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የሚያየው የቀኙን ጠርዝ ብቻ ነው። ገደሉ በግራ፣ በእኔ በኩል ነው። ስለዚህ እኔም አንገቴን አውጥቼ መንገድ መሪ ሆንኩ። "ወደ ቀኝ ያዝ! ሱታ፣ ሱታ! ቀስ በል! ፍየል ነው!" አዮ ከኋላ ተመቻችተው ተቀምጠው መኪናዋን ያመሰግናሉ። ከአራት ዓመት በኋላ ከባሌ ጋር የተጫወትኩት እንዲህ፣ እሱ በአንድ መስኮት እኔ በሌላው እየጮህን ነው።

"ጉምሩክ ታርጋዋን ለምን አልቀየረልህም?" አልኩት።

"መንገዱ ቀጥታ ነው?"

"ቀጥታ ነው። ለምን አልቀየረልህም?"

"ለጊዜው ነው ያስገባኋት። ባለቤቷ ሲወጣ አብራው ትወጣለች።"

"ባለቤቷስ መቼ ነው የሚወጣው?"

አንገቱን በመስኮት እንዳወጣ "በስድስት ወር" አለ።

"ቁም!" አልኩ። ፍሬኑን ረገጠው። "ምን አየሽ?"

"ምንም። መንገዱ ክፍት ነው። ከዚህ ወዲያ ግን እኔ አላሳይህም።" አንገቴን ወደ ውስጥ መለስኩ። ቢሆንም ማወቅ ፈለግሁ። "ለስድስት ወር ብሎ መኪና ባሕር የሚያሻግር ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?"

"እናቴን ላዞራት ብዬ ነው" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በየአገሩ፣ መሰላም፣ ቦኬም፣ መቻራም ዘመዶች አሏት። እግሯ እየደከመ ነው።"

"እኔስ?"

"አንቺማ... እናቴን ለማን ልተዋት?"

ያቺኑ መልስ ባሕር አሻግሮ መልሶ አመጣልኝ። በሩን ከፍቼ በእግሬ ልሄድ እጄን ስሰድ አዮ ከኋላ ትከሻዬን ያዙኝ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ተቀመጪ" አሉ። ከዚያ ለልጃቸው በአማርኛ ተናገሩ፤ ተቆጥተዋል ማለት ነው።

"መሄድህን አሁን የሰማሁ መሰለህ? የሚቀር ልጅ እኔ ቤቴ ውስጥ ነው የምቀባ፣ ምሰሶ ሥር። መንገድ ላይ የምቀባው የሚሄደውን ነው። ቅቤውን እስከ ጣቢያ ተሸክሜ የወረድኩት ለምንድነው? እናቴ፣ እናቴ ትላለህ። እኔ ሚስትህን አስሬ አላውቅም፤ በእኔ ስም ያሰርካት አንተ ነህ። በስድስት ወር ስትሄድ ይዘሃት ሂድ።"

እኔ የተመኘሁት እሱ እንዲቀር ነበር። ያገኘሁት አብሬው መሄድ ነው፤ የሰጡኝ ደግሞ ብቻቸውን የሚቀሩት አዮ ናቸው። እጃቸው ትከሻዬ ላይ ነበር፣ ገና ቅቤ ቅቤ ይሸታል።

ባለቤቴ ሞተሩን አስነሣ። "መንገዱ ወዴት ነው?" አለኝ።

አንገቴን አወጣሁ። እያለቀስኩ ስለነበር መንገዱ ለእኔም አልታይ አለኝ።