ለጋሽ አስረስ ያልነገርኩት

ባለፈው ሳምንት ወደምሠራበት ላቦራቶሪ በደረሰ የምርመራ ውጤት ላይ ኤስ ኤም ኤን ዋን የሚል የጂን ስም አነበብኩ። ወረቀቱን አስቀምጬ ወደ ደጅ ወጣሁ። ባልደረባዬ አሞህ ነው ወይ ብትለኝ ሙቀቱ ነው አልኳት።

ያንን ስም መጀመሪያ የሰማሁት ካርቱም ነው፤ ሕዝቡ መንግሥት ይለወጥ ብሎ አደባባይ በወጣበት ዓመት። እዚያው ከስደተኛ ቤተሰብ ተወልጄ ያደግሁ፣ የላቦራቶሪ ትምህርት የጀመርኩ የሃያ ዓመት ወጣት ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲው ስለተዘጋ ጀሪፍ ሰፈር ቤታችን ተቀምጬ እውላለሁ። ጎረቤታችን ጋሽ አስረስ አል-ማንሺያ ሰፈር ዘበኛ ነበር፤ ሚስቱ እትዬ ዘውድነሽ ደግሞ እዚያው ካርቱም ሪያድ በሚባለው ሰፈር የሰው ቤት ትሠራለች። ልጃቸው ማርታ ሰባት ወር ሞልቷት አንገቷን ማቅናት አልቻለችም። ዓይኗ ግን ሰውን እየተከተለ ይዞራል፤ ሲያጫውቷትም ትስቃለች።

ደሟ ውጭ አገር ተልኮ ውጤቱ ሲመጣ፣ ከገበያ ያለፈ ዐረብኛ ስላልነበራቸው ላስተረጉምላቸው ወደ ሆስፒታል አብሬ ሄድኩ። መንገዱ በድንጋይና በሚቃጠል ጎማ ተዘግቶ የተሳፈርንበት ረክሻ፣ ያው ባጃጅ፣ ግማሽ ላይ አወረደን። በአቧራው ውስጥ በእግራችን ሄድን። ጋሽ አስረስ መንገድ ዳር ፉል ጋበዘኝ፤ "ይሄ ልጅ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር" እያለ ዘይቱን ወደኔ አስጠጋው። ደስ አለኝ።

ሐኪሟ ረጋ ብላ አስረዳች። ጂኑ አንድ ፕሮቲን እንዲሠራ ያዛል፤ ሴሎቻችን አር ኤን ኤ የሚባለውን መልእክት ከመጠቀማቸው በፊት ትርፉን ቆርጠው ያወጣሉ፤ የመቁረጫዎቹን መገጣጠም የሚያግዘው ይህ ፕሮቲን ነው፤ ሲያንስ ጡንቻን የሚያዙ ነርቮች ይሞታሉ። እየተንተባተብኩም ቢሆን ይህን አደረስኩ። ቀጥላ፣ ጉድለቱ ከእናትም ከአባትም እኩል እንደሚመጣ፣ ማንም ጥፋተኛ እንዳልሆነ ነገረችን።

ይህን ሳልተረጉም ጋሽ አስረስ ቀደመኝ። ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

"በኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም። ከሷ ነው አይደል?"

"በእናት በኩል ሳይሆን አይቀርም" አልኩት።

እትዬ ዘውድነሽ የልጅቷን እግር በነጠላ ሸፈነች።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጋሽ አስረስ ፍራሹን ይዞ ወደ ዘበኛ ቤቱ ገባ። እሷም ልጇን አዝላ ሪያድ አሠሪዎቿ ግቢ ወዳለች ክፍል ሄደች። ማርታ የዚያው ክረምት ዝናብ ሳያባራ ሳንባዋን ታማ ሞተች።

ከአርባዋ በኋላ ሄጄ እውነቱን ነገርኳት። ልብስ እያጠበች ነበር፤ እጇን ከውሃው አላወጣችም።

"የንስሐ አባቴ ዘንድ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ" አለች። "ኃጢአቴን ስለማላውቀው እርስዎ ይፈልጉልኝ አልኳቸው።"

ልብሱን እንደገና ማሸት ጀመረች።

"ሂድና ለሱ ንገረው። ይመለስ ብዬ አይደለም። ልጁን ባሰበ ቁጥር እንዳይረግመኝ ነው።"

በማግስቱ አል-ማንሺያ ሄድኩ። ጋሽ አስረስ ሲያየኝ ደስ ብሎት ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ ሻይ በወተት አመጣልኝ። ስለ አዲሱ መንግሥትና ስለ ዳቦ ሰልፉ አወራን።

"ዘውዴን አይተሃታል?" አለኝ በመጨረሻ።

"ትናንት አየኋት።"

"ደህና ናት?"

"ደህና ናት" አልኩት። ብርጭቆውን መልሼ ወጣሁ።

በኋላ ካርቱም ውስጥ የተነሳው ጦርነት ሁላችንንም በተነን፤ የት እንዳሉ አላውቅም። ለዓመታት አማርኛዬ ደካማ ነበር፣ ልጅ ነበርኩ፣ ሰውዬውን ፈርቼ ነበር እያልኩ ለራሴ ጥብቅና ቆሜያለሁ። ሐኪሟ ፊት ለሆነው ምናልባት ያስኬዳል። ያን ሻይ ስጠጣ ግን ማንም አላስፈራራኝም። የሚወደኝ ሰው ፊት ትንሽ ላለመታየት ስል ብቻ ነው ዝም ያልኩት።