የቀቀልኩት መንፊያ

ክላሪኔት በአምስት ይፈታል። ከላይ ወደ ታች ስንቆጥር፣ ከንፈር የሚያርፍበት መንፊያ፣ ከእሱ ቀጥሎ አጭር ቀለበት፣ ከዚያ ቁልፎች የተደረደሩባቸው የላይኛውና የታችኛው አካል፣ በመጨረሻም እንደ ጥሩንባ አፍ የሚሰፋው ግርጌ ነው። ይህን ቀድሜ የምዘረዝረው አስተማሪ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። ከአምስቱ አንዱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ አንባቢ የትኛው እንደሆነ ከመጀመሪያው እንዲያውቅ ብዬ ነው። መንፊያውን ነው።

ሁለት ክላሪኔቶች ለትምህርት ቤታችን የመጡት ከናይሮቢ በአውቶቡስ ነበር። እዚያ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ክፍሉን ሲዘጋ ለእኛ ላካቸው። ሳጥኑን ስንከፍት የአንደኛው አካል ከአናቱ እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል። በሁለቱም ቁልፎች ስር ያሉትን ቀዳዳ የሚደፍኑ ስስ ፓዶች ብል በልቷቸዋል። የአንዱ መንፊያ ጫፉ ተሰብሯል፤ የሌላው ጭራሽ የለም። ርእሰ መምህራችን ሳጥኑን በእግራቸው ገፋ አድርገው፣ “ይሄ ማገዶ ነው” አሉ። ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ስለነበር፣ ማገዶ የሚባል ነገር አልቀበልም ነበር።

“ፉንዲው ዘንድ ውሰጂያቸዋ” አለችኝ እናቴ።

በኬንያ በኩል ባለው የእኛ ሞያሌ የተበላሸ ነገር የሚጠግን ሁሉ ፉንዲ ነው። እናቴ የምትላቸው ግን ከገበያው ጀርባ የስፌት መኪና የሚጠግኑትን ሽማግሌ ነበር። ከአባቴ ጋር በዋልዳ የስደተኞች ካምፕ በአንድ ድንኳን ኖረዋል፤ እኛ ቤት “ጋሼ” ነው የምንላቸው። ወታደር እንደነበሩ አውቃለሁ። በጦሩ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ክላሪኔት ይነፉ እንደነበር ግን ሳጥኑን ጠረጴዛቸው ላይ እስካስቀመጥኩ ድረስ ማንም አልነገረኝም።

ለረጅም ጊዜ አልነኩትም።

“ይሠራል፣ ጋሼ?”

“ከሁለቱ አንድ ይወጣል።”

ከዚያ ተነሥተው ከመሣቢያቸው የተጠቀለለ ካልሲ አወጡ። ከካልሲው ውስጥ የወጣው ከጠንካራ ጥቁር ጎማ የተሠራ፣ የሚያብለጨልጭ መንፊያ ነበር። ጦሩ ተበትኖ ሁሉም የያዘውን እየጣለ ወደ ድንበር ሲሸሽ፣ እሳቸውም ክላሪኔታቸውን መንገድ ላይ ጥለዋል። መንፊያውን ብቻ ነቅለው ኪሳቸው ከተቱት።

“ለምን እሱን ብቻ?” አልኳቸው።

“ሙሉውን ብይዝ ለዳቦ እሸጠው ነበር። ይህን ግን ማን ይገዛኛል?”

እንግዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ ክላሪኔት የሌለው መንፊያ ይዘው ኖረዋል። እኔ ደግሞ መንፊያ የሌለው ክላሪኔት ይዤ መጣሁ።

ሦስት ወር ሙሉ ከትምህርት በኋላ እሳቸው ዘንድ ነበርኩ። ፓዱን ከጎልቦ ለገበያ ከሚመጣ የፍየል ግልገል ቆዳ ነበር የምንሠራው። ቆዳው በጣም ይፋቃል፣ በሳንቲም ልክ ክብ ተደርጎ ይቆረጣል፣ ውስጡ ከአሮጌ ባርኔጣ የተቀደደ ወፍራም ጨርቅ ይገባል። ፓዱ አየር ያስገባ እንደሆነ የሚታወቀው በሲጋራ ወረቀት ነው። ቀጭን ቁራጭ ከፓዱ ስር ይደረግና ቁልፉ ተዘግቶ ወረቀቱ ቀስ ብሎ ይሳባል። ያዝ ካደረገ ጥሩ ነው፤ ከሾለከ እንደገና ይሠራል። እኔ እያንዳንዱን ቁልፍ ቁጥር ሰጥቼ፣ የያዘውንና የሾለከውን በሠንጠረዥ እሞላ ነበር።

“ጻፊ ሙዋሊሙ” ይሉኝ ነበር፣ መምህር ማለታቸው ነው። “ነገ ፈተና አለ።”

አንድ ቀን ግን ሳይቀልዱ እንዲህ አሉኝ፦ “ሲያልቅ መጀመሪያ የምነፋው እኔ ነኝ። አንድ ዜማ። ከዚያ ለልጆችሽ ውሰጂው።”

“አንድ ብቻ?”

“ትንፋሼ የሚበቃው ለአንድ ነው።”

ትንፋሻቸው ያነሰው በሳንባ ነቀርሳ ነው። መድኃኒቱን ከዓመት በፊት ጨርሰዋል፤ ጤና ጣቢያውም ድነዋል ብሏቸዋል፤ ሳሉ ግን አልለቀቃቸውም። ሕክምናውን የጨረሰ ሰው በሽታውን ለሌላ እንደማያስተላልፍ አውቃለሁ። ማወቅ ብቻ አይደለም፤ ለስድስተኛ ክፍል ሳንባ በጠመኔ ሥዬ አስተምሬዋለሁ፣ በፈተናም ጠይቄዋለሁ።

አንድ ዓርብ የመጨረሻው ፓድ ተለጠፈ። ሙጫው እስኪደርቅ አንድ ሌሊት ያስፈልገው ነበር። ጋሼ ግን መታገሥ አቃታቸው፤ ድምፅ የሚያወጣውን ስስ ሸምበቆ ብቻ መንፊያው ላይ አስረው ነፉ። አንድ ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ። ከገበያው ሁለት ሴቶች ዞር ብለው አዩን። ጋሼ መንፊያውን ከአፋቸው ሳያርቁ ሳሉ፤ ቆይተው እንደገና ሳሉ። ከዚያ እጄ ላይ አስቀመጡት።

“መንፊያው ከቀለበቱ ጋር የሚጋጠምበትን ቡሽ አንቺ ለጥፊው። በሰም አለስልሺውና ነገ ከሰዓት ይዘሽው ነይ። ከእንግዲህ ፉንዲ ነሽ።”

ብቻዬን እንድሠራ የሰጡኝ የመጀመሪያ ሥራ እሱ ነበር።

ቤት ስደርስ መንፊያው ላይ ርጥበት ነበር። ስምንት ልጆች በተራ ሊነፉበት ነው ብዬ አሰብኩ። ለወላጆች ምን እላለሁ ብዬ አሰብኩ። ውሃ ጣድኩ፣ ሲፈላ መንፊያውን ጨመርኩ፣ ሰዓት አይቼ ዐሥር ደቂቃ ቆጠርኩ። የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ኩሽናውን ሞላው። ሳወጣው ጥቁሩ ወደ ቆሻሻ አረንጓዴ ተለውጧል። የቆየ እድፉ ለቀቀ ብዬ ደስ አለኝ። ቡሹን ለጠፍኩ፣ ሰሙን ቀባሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለልኩት።

ቅዳሜ ጋሼ ተላጭተው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ጠበቁኝ። ጨርቁን ሲፈቱ ፊታቸው ላይ ያየሁትን መግለጽ አልችልም፤ እኔ ደግሞ መግለጽ የምወድ ሰው ነኝ። መንፊያውን መስታወት ላይ አስተኙት። ጠፍጣፋ ፊቱ መስታወቱ ላይ ልጥፍ ማለት ሲገባው ተነቃነቀ፤ የፈላው ውሃ አጣሞታል።

“ምን ነካው?”

“ቀቅዬው ነው፣ ጋሼ። ለንጽሕና። ልጆቹ...”

“ልጆቹ ገና መቼ ነፉበት?” አሉ። “ከእኔ በቀር ማን ነፋበት?”

እኔም ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ተህዋስያን አስረዳሁ፣ ስለ ሙቀት አስረዳሁ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ የንጽሕና ደንብ አስረዳሁ። ሁሉም ትክክል ነበር። ጋሼ እስክጨርስ ጠብቀው መንፊያውን ከክላሪኔቱ ጋር አጋጠሙና ነፉ። ጎማ ሲተነፍስ የሚሰማው ዓይነት “ሽሽሽ” ብቻ ወጣ። ፓዶቹ ሁሉ ይዘው ነበር። በሠንጠረዤ ላይ አንድም የሾለከ ቁልፍ አልነበረም።

ለሳምንታት መስታወት ላይ የአሸዋ ወረቀት አንጥፈው ፋቁት። ትንሽ ይፍቃሉ፣ ይነፋሉ፣ ይስላሉ፣ እንደገና ይፍቃሉ። አንዳንዴ የሚሰነጥቅ ጩኸት ይወጣ ነበር፤ ዜማ ግን አልወጣም። በመጨረሻ ጫፉ ከመሳሳቱ የተነሣ ተሸረፈ። መንፊያውን መስታወቱ ላይ ትተው የሰው ስፌት መኪና ወደ መፍታት ተመለሱ።

አዲስ የፕላስቲክ መንፊያ ከናይሮቢ አስመጣሁ። ከማሸጊያው ሳላወጣ እሳቸው ዘንድ ወሰድኩት።

“መጀመሪያ እርስዎ ይንፉ፣ ጋሼ። እንደተባባልነው።”

“አይ፣ ይሄ የልጆቹ ነው።”

“እባክዎ።”

“እኔ ከነፋሁበት ደግሞ ድስት ትጥጃለሽ” ብለው ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። እስኪያበቃ ቆሜ ጠበቅኩ።

“ፈርቼ ነው” አልኩ። ከእኔ ከወጡት ሁሉ አጭሩ ማብራሪያ እሱ ነበር።

“አውቃለሁ። እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን እፈራለሁ። ብትነግሪኝ ግን አሳይሽ ነበር። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ነው የሚታጠበው። ስንት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው ያጠብኩት።”

የሚነፉት ክላሪኔት ሳይኖራቸው ያጥቡት ነበር ማለት ነው። ይህን ያሰብኩት ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው።

አሁን ረቡዕ ረቡዕ ወደ ትምህርት ቤቱ ይመጣሉ። የለመኗቸው ርእሰ መምህሩ ናቸው እንጂ እኔ አልደፈርኩም። የልጆቹን ጣቶች አንድ በአንድ ቀዳዳው ላይ ያስቀምጣሉ፣ ትከሻቸውን ያቃናሉ፣ ዜማውን በእጃቸው አየር ላይ ይመታሉ። መንፊያውን አይነኩትም፤ ሸምበቆ መቀየር ሲያስፈልግ እኔን ይጠሩኛል።

ባለፈው ከኦዳ የምትመጣ አንዲት ተማሪ፣ “ባቡ፣ ዛሬ እርስዎ ይንፉልን” አለቻቸው። ልጆቹ አያት ብለው ነው የሚጠሯቸው።

“ጥርሴ አልቋል” አሉ፣ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው። “ያለ ጥርስ ደግሞ አይነፋም።”

“ፖሌ፣ ባቡ” አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ፣ አይዞዎት ማለታቸው ነው።

የጋሼ ጥርስ አንድም አልጎደለም። ወደ እኔ አላዩም። የልጅቷን ትንሽ ጣት ወደ ትክክለኛው ቁልፍ መለሱና “ቀጥዪ” አሏት፤ እኔም መዝገቤን ገልጬ የሌሎቹን ተማሪዎች ስም መጥራት ጀመርኩ።