አሲድ የማይበግረው

የላቦራቶሪዋ ልጣጭ መርማሪ የምትለብሰው ጋዋን የራሷ አይደለም። ትከሻው ይሰፋታል፣ እጅጌው ካልተጠቀለለ ጣቷን ይውጣል፣ ኪሱንም አሲድ በስቶታል። አዲስ ቢሰጧት፣ ቢለምኗት፣ ወይ ፍንክች!

ብርቱካን ትልጥና ፍሬውን ለባልደረቦቿ አድላ ልጣጩን ለራሷ ታስቀራለች፤ እንዲህ ያለ ቸር የት ይገኛል? ልጣጩን አድርቃ፣ ፈጭታ አሲድ ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች። ሌላው ሁሉ ሲሟሟ አሲድ የማይበግረው ቡናማ ዝቃጭ ይቀራል፤ ሊግኒን የሚባለው እሱ ነው። አመድም ስለሚደባለቅበት ዝቃጩን መዝና ታቃጥለዋለች፤ የተረፈውን አመድ ከክብደቱ ትቀንሳለች።

ዛሬ አለቃዋ በሩን ይዘው ቆሙ።

«ስሚ፣ አመዱን መቀነሱ ይቅር። ቁጥሩ ከፍ ካለ ደንበኛው ደስ ይለዋል።»

«አመዱን ሊግኒን ነው ብዬ አልፈርምም።»

«ማን ያይብሻል?»

«እኔ።»

አለቃዋ ደማቸው ፈላ። «ከአንቺ በፊት እዚህ የነበረውንም እንዲሁ ሲል ነው ያባረርኩት!»

ዝቃጩን ከነማቃጠያ ስኒው ምድጃው ውስጥ ከተተችና የወረደውን እጅጌ መልሳ ጠቀለለች።

«አውቃለሁ» አለች። «ጋዋኑን አውልቆ የሰጠኝ የዚያን ዕለት ነው።»