መብራት አልሄደም ያልኩበት ቀን

ከባሌ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ባቄላ መፈልፈል ነው። ደጃፍ ላይ ተቀምጠን እሸቱን ስንፈለፍል፣ «አየሽ፣ እኔ የምችለው ይኸን ነው» አለና ሳቀ። ያን ጊዜ ልነግረው ይገባ ነበር። አልነገርኩትም። ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለነፍስ አባቴም ጭምር። እናንተ የምታነቡ፣ እናንተ ስሙኝ።

ባሌ እዚህ መካነ ሰላም የፊዚክስ መምህር ነበር። የኤክስሬይን ጨረር በዓይን በማይታይ ነጥብ ላይ የሚሰበስብ ሌንስ በርካሽ ለመሥራት ስድስት ዓመት ለፋ። ውጭ አገር የሚሠራው ለእኛ አገር ተመራማሪ ዋጋው አይቀመስም። እሱ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ በትንሽ ሞተር ሁለት ፈሳሾች ውስጥ እያፈራረቀ ይነክራል፤ በተነከረ ቁጥር እጅግ ስስ ሽፋን ይደረብበታል፤ በመጨረሻ እንደ ቀይ ሽንኩርት አግድም ሲቆረጥ ሌንስ ይሆናል። አንዱ ሽቦ ወራት ይፈጃል። ሞተሩ ሽቦው ፈሳሽ ውስጥ እንዳለ ከቆመ ግን ሽፋኑ ይወፍርና ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ሽቦውን ማውጣትና መቋረጡን መዝገብ ላይ መጻፍ የኔ ሥራ ነበር።

ባሌ ተማሪ ሊፈትን ወግዲ በሄደበት ቀን የጎረቤታችን የእትዬ ዘሐራ እናት ሞቱ። ለቅሶ መቅረት ነውር ነው፤ ሄድኩ። እዚያ እንደተቀመጥኩ በመብራት የሚሠራው የሰፈራችን ወፍጮ ድምፅ ጠፋ። መብራት መሄዱን አወቅሁ። ተነሣሁ? አልተነሣሁም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ተቀመጥኩ። ስመለስ መብራቱ መጥቶ ሞተሩ ይዞራል። መዝገቡ ላይ «አልተቋረጠም» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ጻፍኩ፤ በገዛ እጄ።

ማታ ሲገባ፣ «መብራት ሄዶ ነበር እንዴ?» አለኝ።

«ዛሬስ ምሮናል» አልኩት።

«የኔ ዘበኛ!» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ።

ያን ሽቦ ቆርጦ ውጭ አገር ለሚፈትኑለት ሰዎች ላከው። ጨረሩን አልሰበሰበም ብለው መለሱለት። መዝገቡን ደጋግሞ አየ፤ እንከን አጣበት። እንግዲያው መንገዴ ራሱ ስህተት ነው ብሎ ሞተሩን ፈታው። ሌላ አልሞከረም።

ለምን ዝም አልኩ? እንዳይቆጣኝ? ተቆጥቶኝ አያውቅም። አፍሬ ነው፤ ከዚያም ዝምታው ከቀን ቀን እየቀለለኝ ሄደ። ባቄላውን በፈለፈልን በሳምንቱ ልቡ ቀጥ አለ። አልቻልኩም ብሎ እንዳመነ ሞተ። ይችል እንደነበር አላውቅም። እንዳያውቀው ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ።

ይቅርታ አልለምንም፤ ይቅር ማለት የሚችለው እሱ ብቻ ነበር። ሊያጽናኑኝ የሚመጡ ጎረቤቶች፣ «አብሽሪ፣ እንዳንቺ ባሏን ያገዘች የት አለች?» ይሉኛል። እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ።