ለሦስተኛው ዓመት የተተከለ

እሱማ ይኸው እህቱ ከተቀበረች ወዲህ እርሳስ የሚባል ነገር በእጁ አልነካም። «ሰዓሊው» እንለዋለን እንጂ ሰው ስሎ አያውቅም፤ በሰው ግቢ ምን የት እንደሚተከል ነው በወረቀት የሚስለው። መጀመሪያ ባለቤቱን አስቀምጦ ያናዝዘዋል፣ ከዚያ እንደ ጠባዩ ይሠራለታል። ለጡረተኛው ወታደር ቁጥቋጦውን እንደ ሰልፍ ደረደረለት። ለአስተማሪዋ ጠጠር አልብሶ መሀሉ ላይ አንድ ዛፍ ብቻ። ለእኔስ ስለው «ለእርስዎማ እሾህ ነው፣ ከምላስዎ ጋር ይስማማል» አለኝ፤ ስድ።

የታላቅ እህቱ ግቢ ግን ልብስ የሚሰጣበት ባዶ መሬት ነበር። ሳንባዋን ታማ ሐኪሙ «ሦስት ወር ካገኘች ነው» ሲል፣ አልጋዋን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አስጠራችው።

«ለባዳው ሁሉ ስትተክል፣ እኔ ያንተን አበባ ሳላይ ልሙት?»

ታዲያ ያ ሞኝ ምን ቢተክል ጥሩ ነው? «ግቢ የሚያምረው በሦስተኛው ዓመት ነው» የሚል አመል አለው፤ ችግኙን አራርቆ ይተክልና ሰፍቶ እስኪገጥም ይጠብቃል። ለእሷም እንደዚያው አደረገው። የጽጌረዳ ቁራጭና ቀስ እያለ የሚያድግ ሐረግ፣ በክንድ በክንድ ተራርቆ። ኧረ ቶሎ የሚያብበውን ትከልላት ስለው «ቶሎ ያበበ ቶሎ ይረግፋል» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። እንደምትሞት አንጀቱ አልቀበል ብሎት እኮ ነው።

እሷ በመስኮት ስታይ እንጨት ብቻ።

«ምንድነው ይሄ፣ መቃብሬን ነው የለካኸው?»

«እታለም፣ ትንሽ ጠብቂው።»

«እኔማ በጠበቅሁት። የሚጠራኝ ነው የማይጠብቅ።»

በሁለተኛው ወር እግሯ አበጠ፤ ትንፋሿ እንደ ወናፍ ይፏጭ ጀመር። «አበባው ወጣ?» ማለቱን ግን አልተወችም። አንድም አልወጣ። የበቀለ አበባ ሳታይ ነው የሄደችው።

በመጨረሻው ሳምንት ያደረገውን ግን ሾርባ ይዤ ስገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ከሱቅ የላስቲክ አበባ ገዝቶ፣ የሱቁን የዋጋ ወረቀት እንኳ ከግንዱ ሳያነሳ፣ ችግኙ መሀል ሰክቶታል። እህቱ በመስኮት ታየዋለች፤ እሱ አጎንብሶ በባልዲ ያጠጣዋል።

«አታጥለቅልቀው እንጂ» አለችው።

«እሺ እታለም» ብሎ ባልዲውን ቀና አደረገ።